ሴንተርቦርድ መቼ ይውረድ፣ መቼ ይነሳ? (ባሕር ዳር፣ 4.20 ሜትር ባለ ሸራ ጀልባ)

ሸራው ከባሕር ዳር | ኅዳር 3፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ከአናጺ ጓደኛዬ ጋር ሁለት ክረምት የደከምንባት ባለ ሸራ ጀልባ ዘንድሮ መስከረም ላይ ጣናን ነካች። ከኮምፔንሳቶ ነው የሠራናት። ርዝመቷ 4.20 ሜትር ነው፤ ከምሰሶው ኋላ ትልቁ ሸራ፣ ከፊት ትንሹ። ሆዷ መሀል ላይ ጠባብ ሳጥን አለ፤ እዚያ ውስጥ በአንድ ወፍራም ብሎን ላይ የሚዞር ሳንቃ ገጥመናል፣ ሴንተርቦርድ የሚባለው ማለት ነው። እጀታው ቀጥ ብሎ ሲቆም ሳንቃው ሙሉ ወርዶ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እጀታው ወደ ፊት ሲጋደም ሳንቃው ወደ ኋላ ተነስቶ ሳጥኑ ውስጥ ይከተታል። ያኔ ለጀልባዋ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃታል።

እስከ አሁን የማውቀው ደንብ አንድ ነበር፤ ጥልቅ ውሃ ላይ አውርድ፣ ዳር ስትደርስ አንሳ። በዚህ ደንብ ሁለት ጊዜ ተጎዳሁ።

ቅዳሜ ከክብራን ገብርኤል በኩል ወደ ከተማው ስንመለስ ሰዓቱ 9 ተኩል ነበር። ነፋሱ ከሐይቁ፣ ከጀርባችን። ውሃው ጥልቅ ነው ብዬ ሳንቃውን ሙሉ እንዳወረድኩት ነኝ። አቅጣጫ ላስተካክል መሪውን ሳዞር ሸራው ከግራ ወደ ቀኝ በኃይል ተሻገረ፤ ጀልባዋ አንድ ነገር እግሯን እንደያዛት ሁሉ በጎኗ ወድቃ ተገለበጠች። ሁለታችንም ላይፍ ጃኬት ለብሰን ስለነበር ክፉ አላገኘንም፤ አንድ የሞተር ጀልባ ደርሶ አወጣን።

እሑድ ደግሞ ከቅዳሜው ድንጋጤ የተነሳ ሳንቃውን ሙሉ አነሳሁት። ነፋሱ ከኋላ እስካለ ድረስ መልካም ሄደች። ዳር ስንቃረብ ግን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መልሼ ሸራ ላወርድ ስል አልዞር አለችኝ። መሪውን እስከ ጥግ ገፋሁት፤ እሷ ግን እንደ ሳፋ በጎኗ እየተንሸራተተች ሄዳ ደንገሉ ውስጥ ገባች። ከዚያ ለማውጣት አንድ ሰዓት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆመን ስንገፋ ነበር።

ሲወርድም ጥፋት፣ ሲነሳም ጥፋት ከሆነ፣ ትክክሉ የቱ ነው? የምታውቁ በቀላል ቋንቋ አስረዱኝ።

የዘጌ መስመር | ኅዳር 3፣ ማታ 4፡05

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ወጣችሁ። እኔ የሸራ ሰው አይደለሁም፤ ሞተር ጀልባ ነው የምነዳው። ከባሕር ዳር ዘጌ ስመላለስ 24 ዓመት ሆነኝ። ስለ ሳንቃህ የሚያውቅ ይንገርህ፤ ስለ ውሃው ግን እኔ ልንገርህ።

ጠዋት ሐይቁ ብዙውን ቀን ዘይት እንደ ፈሰሰበት ተኝቶ ነው የምታገኘው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሳል፤ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ማዕበሉ ይበረታል። እንግዳ ጭነን በማለዳ የምንወጣው ለዚህ ነው። አንተ የተመለስክበት ሰዓት ነፋሱ የሚበረታበት ሰዓት ነው። ነፋሱ ከጀርባህ፣ መሬቱ ከፊትህ። በሞተርም ቢሆን ያን ሰዓት ዳር ስጠጋ እጠነቀቃለሁ፤ ማርሽ ቢያስቸግር ማዕበሉ ድንጋይ ላይ ነው የሚጥለኝ።

ሌላው ድንጋዩ ነው። የከተማው ዳር ሁሉ ጭቃ እንዳይመስልህ፤ ጥቁር ድንጋይ የተኛበት ብዙ ቦታ አለ። ውሃው በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ በጣም ይወርዳል፤ ልዩነቱ ከሜትር ያልፋል። አሁን በላዩ የምታልፍበት ድንጋይ በፋሲካ ሰሞን ይይዝሃል። ጀልባህ መስከረም ላይ ውሃ ነካች ካልክ ያየኸው ሙሉውን ጣና ነው፤ ጎደሎውን ገና አላየኸውም።

የፍሪስላንዱ ጎጃሜ | ኅዳር 4፣ ጠዋት 1፡15

ወንድሜ ሸራው፣ ጥያቄህን ሳነብ ልቤ ሞላ። በልጅነቴ ጣና ላይ ሸራ ይታየኝ ነበር፤ ሸራ የተማርኩት ግን በስደት፣ ሆላንድ ፍሪስላንድ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ከሥሩ እናስተካክል። ሴንተርቦርድ የጥልቀት ጉዳይ አይደለም። ሥራው ጀልባዋ በጎኗ እንዳትንሸራተት መያዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል?» ብለህ ሳይሆን «ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣብኝ?» ብለህ ነው። ጥልቀት ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ የሚከለክልህ እንጂ የሚያዝህ አይደለም።

ነፋሱ ከፊትህ በአንድ ጎን ሲሆንና ወደ ነፋሱ አንጋጠህ ስትወጣ፣ ሸራው ጀልባዋን ወደ ፊት ከሚስባት ይልቅ ወደ ጎን የሚገፋት ይበልጣል። ያን ግፊት በዋናነት የሚመክተው ሳንቃው ነው፤ ሙሉ ይውረድ። ከባሕር ዳር ከቀትር በኋላ ወደ ክብራን ወይም ወደ ዘጌ ስትወጣ ያለኸው እዚህ ላይ ነው። ነፋሱ ትክክል ከጎንህ ሲሆን ግማሹን አንሳ። ከኋላ በአንድ ጎን ሲሆን ከግማሽም በላይ አንሳ። ትክክል ከጀርባህ ሲሆን የሚንሸራተት ጎን ስለሌለ ሳንቃው ውሃ ከመጎተት በቀር የሚሠራው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ይነሳ።

«አብዛኛው» ማለቴን ልብ በልልኝ፤ ሙሉ አታንሳው። ትንሽ ጫፍ ውሃ ውስጥ ካልቀረ ጀልባዋ ከግራ ቀኝ እንደ እንዝርት መወዛወዝ ትጀምራለች፣ ውዝዋዜው እያደገ ሄዶ ይገለብጣታል። እኔ የተማርኩባት ዌይፋረር የምትባል ጀልባ ናት፤ ኢያን ፕሮክተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1957 እ.ኤ.አ. የነደፋት፣ 4.82 ሜትር፣ ሳንቃዋ ሲወርድ 1.17 ሜትር የምትጠልቅ። ያንተዋ ታናሽ እህቷ ናት ማለት ይቻላል። አስተማሪያችን ነፋስ ከኋላ ሲሆን ከሳንቃው ሩብ ያህል ሁልጊዜ ያስቀርልን ነበር።

የፍሪስላንድ ሐይቆች ብዙዎቹ ከ2 ሜትር ብዙም አይጠልቁም። የድሮዎቹ የጭነት ጀልባዎች ሆዳቸው ዝርግ ነው፤ መሀል ላይ ሳይሆን በግራና በቀኝ ጎናቸው እንደ ጆሮ የተንጠለጠለ ትልልቅ ሳንቃ አላቸው። ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ያለውን ብቻ ያወርዳሉ፣ ሲዞሩ ያን አንስተው ሌላውን ያወርዳሉ። መርከበኛው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለ ነፋስ ነው። ሐይቁ የትም ቦታ ጥልቅ አይደለምና በጥልቀት ቢያስቡ ኖሮ አንድም ቀን አያወርዱትም ነበር።

የፊዚክስ መምህር | ኅዳር 4፣ ከቀኑ 7፡30

ጎጃሜው ያሉት ትክክል ነው። እኔ የቅዳሜውን መገልበጥ ላብራራ፤ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

ሸራው ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ሲሻገር ጀልባዋን በድንገት ወደ ጎን ይገፋታል። ግፊቱ ያረፈው ከላይ፣ ምሰሶው ወገብ ላይ ነው። ከታች 1 ሜትር የወረደ ሳንቃ ውሃውን ጨብጦ «አልሄድም» ይላል። ከላይ የሚገፋ፣ ከታች የሚይዝ፤ በመካከል ያለችው ጀልባ ከመገልበጥ ሌላ መውጫ የላትም። የሚሮጥ ሰው እግሩን በገመድ ብትይዘው እንደሚወድቀው ነው። ሳንቃው አብዛኛው ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ጀልባዋን አንድ ሁለት ሜትር ወደ ጎን አንሸራትቶ ያልቅ ነበር።

የእሑዱ ደግሞ ግልባጩ ነው። ጀልባ ስትዞር የምትዞርበት ነጥብ ያስፈልጋታል፤ ያን ነጥብ የሚሰጣት ሳንቃው ነው። ሳንቃው ሳይኖር መሪውን ብትገፋ ጅራቷ ይንሸራተታል እንጂ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ አይወጣም።

አሁን ስለ ልኬት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እጀታው ግማሽ ቢጋደም ሳንቃው ግማሽ የተነሳ ይመስላል፤ አይደለም። ሳንቃህ 1 ሜትር ከሆነ፣ እጀታው ከቀጥታው 30 ዲግሪ ሲጋደም ሳንቃው ገና 87 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ነው። 45 ዲግሪ ሲሆን 71፣ 60 ዲግሪ ሲሆን 50፣ 75 ዲግሪ ሲሆን 26 ሳንቲ ሜትር። ጎጃሜው ግማሽ ያሉትን ለማግኘት እጀታውን 60 ዲግሪ ድረስ ማጋደም አለብህ፤ ሩብ ያሉት 75 ዲግሪ ላይ ነው። ሳጥኑ ጎን ላይ በቀለም ምልክት አድርግበት። ማዕበል ላይ ሆኖ ዲግሪ የሚያሰላ ሰው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። አንድ ዓይነት ፍጥነት ያለው ነፋስ እዚህ ሸራን የሚገፋበት ኃይል በባሕር ወለል ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። የውጭ አገር መመሪያ «በዚህ ነፋስ ሸራ አሳንስ» ሲል ይህን አስቡበት። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው፤ የሳንቃው ሥራ አይቀንስም።

ብረት ብየዳ | ኅዳር 4፣ ማታ 1፡20

ወንድሞቼ፣ ይህን ሁሉ ከመጨነቅ ለምን ቋሚ ኪል፣ ከሆዷ ሥር የማይንቀሳቀስ ሳንቃ ማለት ነው፣ አይገጠምላትም? 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጬ ከሆዷ ጋር አስሬ ብሰጠው አይነሳም፣ አይወርድም፣ አይረሳም። ክብደቱም እንዳትገለበጥ ይረዳታል። ብየዳውን በነጻ እሠራለሁ።

የታንኳ ቤት ልጅ | ኅዳር 4፣ ማታ 3፡00

ብረት ብየዳ፣ ስጦታህ የወንድም ነው፤ ግን ቋሚ ኪል የገጠመች ጀልባ በጣና ዳር የት ታርፋለች? 1 ሜትር ብረት ሆዷ ሥር ካለ ደንገል ካለበት ዳር ሁሉ 50 እና 60 ሜትር ርቃ መቅረቷ ነው። ወደብ ላይ ብቻ የምትቆም ትሆናለች። ድንጋይ ብትነካ ደግሞ የሚነሳ ነገር ስለሌለ የሚሰበረው ሆዷ ነው።

እኔ ያደግሁት ታንኳ በሚሠራበት ቤት ነው። አባቴ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ ይሠራል። የታንኳ ሆድ ዝርግ ነው፤ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ይሄዳል፣ ደንገል ላይ ይወጣል። ሳንቃ ግን የለውም፤ ነፋስ ከጎን ሲመጣ ይወሰዳል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ ነፋሱ ከሚወስደው በተቃራኒ አስቀድሞ ርቆ ይነሳል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ አይወጣም። አንተ የሠራሃት ጀልባ ሁለቱንም ናት፤ ሳንቃው ሲነሳ ታንኳ፣ ሲወርድ ሌላ። ያንን በብረት አታስራት።

ስለ መረብ ግን እለምንሃለሁ። የዓሣ አጥማጆች መረብ የሚታወቀው ባዶ ሃይላንድ ወይም የቡሽ ቁራጭ ውሃው ላይ ተሰልፎ ስታይ ነው። ሳንቃህን አውርደህ በላዩ ከሄድክ መረቡን ትቀደዋለህ። የአንድ ቤተሰብ የሳምንት እንጀራ ነው። ዞረህ ማለፍ ካልቻልክ፣ ሸራህን ልቀቅና ጀልባዋ ስትቀዘቅዝ ሳንቃውንም መሪውንም አንስተህ በመቅዘፊያ ተሻገር።

ትንሿ ሸራ | ኅዳር 5፣ ጠዋት 3፡10

ቅዳሜ ጀልባዋ ላይ የነበርኩት ሁለተኛዋ ሰው እኔ ነኝ። የወንድሜ ጥያቄ ስለ መገልበጥ እንጂ ከተገለበጥን በኋላ ስለሆነው አላነሳም፤ ለእኔ ግን የከፋው እሱ ነበር።

በጎኗ እንደወደቀች ሳንቃው ከውሃው በላይ አግድም ቀርቶ ነበር። ያኔ አንዳችን ላዩ ላይ ብንቆም ኖሮ በክብደታችን ትቀና ነበር፤ ይህን ኋላ ነው የተረዳሁት። እኛ ግን ሁለታችንም ሸራው በኩል ሆነን ስንዋኝ ቆየን። በዚህ መሀል ጀልባዋ ጨርሳ ተደፋች፣ ሆዷ ወደ ሰማይ። ሳንቃውን ወደ ታች ይዞት የነበረው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የቆረጥነው ማሰሪያ ነበር፤ ላስቲኩ ሾለከ፣ ሳንቃውም በራሱ ክብደት ሳጥኑ ውስጥ ተመልሶ ገባ። የተደፋው ሆድ ለስላሳ ነው፤ ምኑን ትይዣለሽ? ሞተር ጀልባው ባይደርስልን እስከ ማታ እዚያው ነበርን።

ስለዚህ ጥያቄውን እኔ ልጨምርበት፤ ነፋስ ከኋላ ሲሆን ሳንቃው ይነሳ ካላችሁን፣ ያን ጊዜ ብንገለበጥ ምን ላይ እንቆማለን?

የፍሪስላንዱ ጎጃሜ | ኅዳር 5፣ ከቀኑ 8፡00

እህቴ፣ ጥያቄሽ በዚህ ክር ላይ ከተነሱት ሁሉ ይበልጣል።

መልሱ ይህ ነው። ከተገለበጣችሁ መጀመሪያ ሁለታችሁም መኖራችሁን ተያዩ፣ ተጠራሩ። ከዚያ አንዱ ወዲያው ዞሮ ወደ ሆዷ በኩል ይሂድ። ሌላው በጀልባዋ ውስጥ በኩል ሆኖ እጀታውን ይግፋና ሳንቃውን ሙሉ ያውጣው። ሩብ እንኳ ወጥቶ ከቀረ ከውጭ በኩል ያለው ሰው ጫፉን ይዞ ሊስበው ይችላል፤ ሙሉ ተነስቶ ከሆነ ግን የሚያዝ ነገር የለም። ሩብ ይቅር የሚባልበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ሳንቃው ጫፍ ላይ ቀዳዳ በስታችሁ አጭር ገመድ እሰሩበት፤ ሳጥኑ ውስጥ ቢገባም ገመዱ በስንጥቁ ወጥቶ ይቀራል፣ እሱን ስቦ ማውጣት ነው።

ላዩ ላይ ስትቆሚ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሆዷ ጋር በሚገናኝበት በኩል ቁሚ፤ ከእንጨት የተሠራ ሳንቃ ጫፉ ላይ ቢቆሙበት ይሰበራል። ቀና ማለት ስትጀምር ብቻ ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ሂጂ። የትልቁ ሸራ ገመድ መለቀቁን አረጋግጡ፤ ካልተለቀቀ እንደቀናች ነፋስ ይዞ እንደገና ይደፋታል።

ላስቲኩን ተዉትና በሚጨበጥ ገመድ ለውጡት። ሳንቃው ድንጋይ ሲነካ ደግሞ ገመዱ በራሱ የሚለቅ መሆን አለበት፤ ሁለት ዙር ብቻ ጠምጥማችሁ ሳትቋጥሩ ያዙት።

ብረት ብየዳ | ኅዳር 5፣ ማታ 12፡40

ገባኝ፣ ኪሉን ትቼዋለሁ። ግን ሳንቃው ራሱ ከላሜራ ቢሆንስ? ከእንጨት የተሠራው ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ነው ላስቲክ ያስፈለገው። ላሜራ በራሱ ይወርዳል።

የፊዚክስ መምህር | ኅዳር 6፣ ጠዋት 12፡50

ይወርዳል፤ ግን 1 ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ 25 ኪሎ ይመዝናል። ትንሿ ሸራ በአንድ እጇ ልታነሳው፣ በሌላው ገመድ ልትይዝ ነው። በመወጣጫ ገመድና በመዘውር ካልሆነ አይሆንም። 25 ኪሎውም ይህን ያህል ትንሽ ጥልቀት ላይ ሆኖ ከነፋስ ጋር በሚደረገው ትግል የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው፤ በእንዲህ ያለች ጀልባ ላይ ሚዛን የሚጠብቀው የሰው ክብደት ነው። እንጨቱ ይሻላል። ዳሩ ውሃ ጠጥቶ እንዳያብጥ ግን በኢፖክሲ ይታሸግ፤ ያበጠ ሳንቃ ሳጥኑ ውስጥ ተጨናንቆ በሚፈለግበት ሰዓት አይወርድም።

የዘጌ መስመር | ኅዳር 6፣ ማታ 2፡15

ዳር ስለ መድረስ ማንም አልነገረውም እኮ። ልጁ የጠየቀው እሱን ነበር። ጎጃሜው፣ ነፋስ ከኋላ ሳንቃ ይነሳ ካልክ፣ ተነስቶ ደግሞ አይዞርም ከተባለ፣ ከቀትር በኋላ ባሕር ዳር ላይ እንዴት አድርጎ ያርፋል?

የፍሪስላንዱ ጎጃሜ | ኅዳር 7፣ ጠዋት 1፡30

ልክ ብለዋል አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው።

ምስጢሩ ሳንቃውን የምታወርደው ዳር ስትደርስ ሳይሆን ገና ሩቅ ሳለህ ነው። ከደንገሉ 100 ወይም 150 ሜትር ስትርቅ፣ ውሃው ገና ከሜትር ተኩል በላይ ሳለ፣ ሳንቃውን ሙሉ አውርድ። ከወረደ በኋላ ነው መሪውን ገፍተህ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ የምትመልሳት። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ፤ አስቀድሞ ሳንቃ፣ ከዚያ መሪ። ሸራው መርገብገብ ሲጀምር ቆማለች ማለት ነው። ትልቁን ሸራ እዚያው አውርደህ እሰረው። አሁን ሳንቃውን ወደ ሩብ መልሰህ በትንሹ ሸራ ብቻ፣ ወይም በመቅዘፊያ፣ ቀስ ብለህ ግባ። የፊቱ ሸራ ትንሽ ስለሆነ ፍጥነት አይሰጥም፤ ገመዱን ስትለቀው ይሞታል።

ነፋሱ ከበረታ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሸራውን ካወረድክ በኋላ መልሕቅ እዚያው ጣልና ገመዱን በቀስታ እየለቀቅህ ጅራቷን አስቀድማ ወደ ዳር ትሂድ። በማግሥቱ ለመውጣትም ያው ገመድ ይስብሃል።

መሪውን አትርሳ። ብዙ ሰው ሳንቃውን አንስቶ መሪው እንደወረደ ይገባል፤ ድንጋይ የሚያገኘው መሪውን ነው።

የታንኳ ቤት ልጅ | ኅዳር 7፣ ከቀኑ 6፡20

አንድ ነገር ከዚህ በላይ። ሳንቃው ራሱ የጥልቀት መለኪያ ነው። በምታውቀው ዳር ጭቃ ላይ በቀስታ ስትሄድ ጫፉ ከነካ እጀታው ወደ ፊት ይጋደማል፤ መምህር በሰጡህ ልኬት ጥልቀቱን ታነባለህ። አባቴ በረጅም ዘንግ የሚያደርገውን አንተ ሳትጎነበስ ታደርገዋለህ። ድንጋይ ባለበት ግን አትሞክረው።

ጭቃና ጠጠር ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ሳንቃው አይወርድም። ከመውጣትህ በፊት ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ ቆመህ አንዴ አውርደህ አንሳው። እምቦጭም እንዲሁ ነው። በብዛት ያለው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በመገጭና በርብ መግቢያ አካባቢ ነው፤ ነፋስ የነዳው ቁራጭ ግን የትም ሊያገኝህ ይችላል። ሥሩ ሳንቃውና መሪው ላይ ሲጠመጠም ጀልባዋ ድንገት ትከብድብሃለች፣ መሪው ይደነዝዛል። ነፋሱ ቢከዳህ ነው ብለህ ሸራ አትጨምር፤ ሳንቃውን አንዴ አንስተህ መልሰው፣ ይራገፋል።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ደግሞ አትለማመድ። ውሃው ይስባል፣ ጉማሬም አለ።

ሸራው ከባሕር ዳር | ኅዳር 24፣ ማታ 1፡50

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ሳልሞክረው አልመልስም ብዬ ነው።

ሳጥኑ ጎን ላይ አራት መስመር በቀይ ቀለም ቀባን፤ ሙሉ፣ 30፣ 60፣ 75። ከ75 በላይ እጀታው እንዳያልፍ ትንሽ ጣውላ መታሁበት፤ ዳር ለመውጣት ብቻ ነው የሚነቀለው። ላስቲኩ ቀርቶ ገመድ ሆኗል፣ ሳንቃው ጫፍ ላይም ገመድ አለ። ሥራውን ከፋፍለናል፤ መሪውና ትልቁ ሸራ የእኔ፣ ሳንቃውና ትንሹ ሸራ የእህቴ። መሪ ከማዞሬ በፊት «ሳንቃ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ እሷ «ስልሳ» ወይም «ሙሉ» ብላ ትመልሳለች። ካልመለሰችልኝ አላዞርም።

ባለፈው ቅዳሜ ሆን ብለን በ8 ሰዓት ወጣን፤ አያ የዘጌ መስመር በሞተራቸው አጠገባችን ነበሩ። ስንወጣ ሳንቃው ሙሉ ነው። ከዚህ በፊት ሳንቃውን 45 ላይ አድርጌ ስወጣ ጀልባዋ አፍንጫዋ ወደ ክብራን እያየ ወደ ጎን ስትሸሽብኝ ሸራው አጥፍቶ ይመስለኝ ነበር። ሙሉ ሲሆን ቀጥ ብላ ወጣች። ስንመለስ 75 ላይ አድርገን ሸራውን ሦስት ጊዜ አሻገርነው። ሦስቱንም ጊዜ ወደ ጎን ትንሽ ተንሸራትታ ቀጠለች። ያን ስሜት በቃል ልገልጸው አልችልም፤ በተገለበጥንበት ቅዳሜ የያዛት ነገር እግሯን ለቆላት ነበር።

አንድ ያልገባኝ ቀርቷል። ወደ ነፋሱ ስንወጣ ነፋሱ ሲበረታ መሪው እጄን እየሳበ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ልትዞርብኝ ትታገላለች። ክንዴ ዝሎ ነበር።

የፊዚክስ መምህር | ኅዳር 24፣ ማታ 3፡30

እጀታውን ወደ 30 መስመር አምጣው። ሳንቃው ያኔ 13 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው የሚያጣው፤ መሀሉ ግን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ጀልባዋ የምትዞርበት ነጥብ ወደ ኋላ ስለሸሸ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ የሚስባት ይቀንሳል፣ መሪው ይቀላል። ደግሞም ነፋስ ሲበዛ ትንሽ መንሸራተት ከመጋደም ይሻላል። ይህ ግን ሸራ ማሳነስን አይተካም፤ ጎኗ ውሃ ሊጠጣ ከደረሰ ሸራውን ነው የምትቀንሰው።

ትንሿ ሸራ | ኅዳር 27፣ ማታ 2፡00

ዛሬ ሞከርነው። 30 ላይ ሲሆን ወንድሜ መሪውን በሁለት ጣቱ ይዞ ነበር። ለመዞር ስንል ግን መልሼ ሙሉ ማድረግ ነበረብኝ፤ 30 ላይ ሆና ስትዞር መሀል ላይ ትቆማለች።

ዳር መግባቱንም አደረግነው። ከደንገሉ ራቅ ብለን፣ ሳንቃ ሙሉ፣ አፍንጫ ወደ ነፋስ፣ ትልቁ ሸራ ወረደ፣ ሳንቃ 75፣ መሪ ተነሳ፣ በመቅዘፊያ ገባን። ጭቃ ውስጥ አልቆምንም።

የዘጌ መስመር | ኅዳር 27፣ ማታ 2፡45

አይቻችኋለሁ፤ ከወደብ ሆኜ ስመለከት ነበር። የገባችሁበት ቦታ አሁን መልካም ነው፣ ከመጋቢት በኋላ ግን ሁለት ድንጋይ ይወጣበታል። እሑድ ጠዋት ኑ፣ ነፋስ ሳይነሳ በሞተር እየዞርን ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ላሳያችሁ። የታንኳ ቤት ልጅም ከቻለ ዘንጉን ይዞ ይምጣ።

የታንኳ ቤት ልጅ | ኅዳር 27፣ ማታ 3፡05

እመጣለሁ አያ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ጋ ነኝ።